የሁዳዴ ላም

ላም አልፈልግም ብዬ ነበር። ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ባሌ ፈንታም ቢሆን ዛሬ ቢክድ ነው እንጂ ያውቃል። "በጎቹ ይበቁናል። በግ ቢሞት አንድ በግ ሞተ ይባላል፤ በጎቹን ሁሉ ሰጥተን ያመጣናት ላም ብትሞትስ ምን ልንል ነው?" አልኩት። ማን ይስማኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ፈንታ ደግሞ ወረቀት አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ግን በባዶ አልተነሣም። ምክንያቱ ልጃችን ጽናት ናት። ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ለሚያያት ግን የአራት ዓመት ልጅ ናት። ክረምቱን ሙሉ ሲያስላትና ሲያተኩሳት ከርሞ በመስቀል ሰሞን ለቀቃት፤ ሲለቃትም አጥንቷን ብቻ ትቶልን ሄደ። እኛ መንዞች ብርድ እንችላለን እያልን እንኩራራለን፤ ብርድ የሚችለው ሥጋ ነው። እሷ ሥጋ የላትም። ባና ደርቤላት፣ የአባቷን በርኖስ ጨምሬላት እንኳ ጥርሷ ሲንገጫገጭ እሰማለሁ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ክንዷን ለክታ ፊቷ ጠቆረ። "ወተት ስጧት። ይህች ልጅ ሌላ ሕመም የምትሸከምበት አቅም የላትም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ድው ይላል።

ወተት ስጧት ማለትስ ቀላል ነው። ከየት አባቴ ላምጣው? ጎረቤታችን በኩባያ ትሰጠን ነበር፤ የእሷም ላም ነጠፈች። ከዚያ ወዲያ ለልጄ የምሰጣት የገብስ አጥሚት ብቻ ሆነ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ፈንታ ከሞላሌ ገበያ ፊቱ በርቶ መጣ። "ላሜ ወለደች በይ!" አለኝ ገና ከደጅ።

"የምን ላም? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አልኩት።

"ከገደሉ ማዶ ያሉት ጋሽ መኳንንት ጥገት ላም አላቸው። ጥጃዋ ገና ሣር አልለመደም። በበጎቻችን ሊለውጡን ነው።"

ጋሽ መኳንንትን በስም አውቃቸዋለሁ። ያኔ እሳቸው እል ነበር። አሁን ግን እሱ ነው የምለው፤ ቅር የሚለው ይበለው። እናም ይኼ መኳንንት የሚባል ሰው ለምንድነው ጥገት ላሙን የሚሰጠው አልኩ። በሁዳዴ ትልቅ ሰው ወተት ባይጠጣም ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል። ጥገት ያለው ቤት ይኼን ጊዜ ነው እንስራውን የሚሞላው። ፋሲካ ሳይደርስ ጥገት የሚሸጥ ሰው ወይ ቤቱ ተቃጥሎበታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ።

"ሣር አልቆባቸው ነው" አለ ፈንታ።

"እነሱ ሣር ካለቀባቸው እኛስ ምን ልናበላት ነው?"

"ጥሩሸዋ፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ገደሉን ነው የምታዪው።"

አዎ፣ ገደሉን ነው የማየው። ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ሌላ ምን ሊያይ ነው? ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ እንኳ ያኔ አላውቀውም። ግን ደግሞ ጽናት ጥግ ላይ ተቀምጣ "ወተት ልናገኝ ነው?" ብላ ጠየቀች። ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ደም አቅርሯል። ይኼን አይቼ እምቢ ማለት አቃተኝ። "ሄደን እንያት፤ አይቶ መተው ይቻላል" አልኩ።

በእኛ አገር ላም ሲገዛ ዝም ብሎ ጡቷ ታይቶ አይገዛም። አታላዮች ብዙ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምረው ሳያልቧት አቆይተው ጡቷ ሞላ ብሎ እንዲታይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ስትታለብ ቆመህ ታያለህ፤ ወተቱንም ትቀምሳለህ። ጨው ጨው የሚል ወተት አለ፤ ደም ያዘለ አለ። ያልተቀመሰ ወተት ይዞ ላም የነዳ ሰው ኋላ ቢጮህ የሚስቅበት እንጂ የሚያዝንለት የለም።

ታዲያ ሁዳዴ ነው። ማን ይቅመስ? እኔና ፈንታ እንዳንቀምስ ጾም ነው። ጎረቤት እንዳንወስድ ሁሉም ጿሚ ነው። ፈንታ አሰበ አሰበና "ጽናት ትቅመስልን። እሷ ገና ጾም አልጀመረች" አለ። ሰው ሰምቶ አልሳቀብንም፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። በጾም ላም የሚገዛ ሰው ልጅ ይዞ ይሄዳል። እኔም ደስ አለኝ፤ ገዛንም አልገዛንም ልጄ ያን ቀን ወተት ልትጠጣልኝ ነው ብዬ።

በነጋታው ገደሉን ወርደን ወንዙን ተሻግረን ወጣን። ፈንታ ጽናትን ትከሻው ላይ አስቀምጦ መንገዱን ሙሉ ሲያጫውታት እሷም "ጥጃዋን እኔ ነኝ የምይዘው" ስትል ነበር። መኳንንት ደጅ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት የድርቆሽ ክምሩን ነው። ቤቱን ያህላል! ፈንታን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። "ሣር ያለቀበት ሰው ይኼ ነው?" አልኩት በሹክሹክታ። ፈንታ ላሟን እያየ ስለነበር አልሰማኝም።

ላሟ ግን፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ የምታምር ላም ናት። ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ጡቷ ሰፋ ያለ ነው፣ ጠባይዋ ለስላሳ። ዞሬ ሳያት የኋላ እግሯ ላይ ከቋንጃዋ ዝቅ ብሎ የደረቀ ቁስል አየሁ።

"ይኼስ ምንድነው?" አልኩ።

"አጥር ቧጭሯት ነው" አለ መኳንንት።

አጥር! እንጨት ለመድኃኒት በጠፋበት፣ ሁሉም አጥሩን በድንጋይ በሚክብበት አገር የምን አጥር ነው እንዲህ ሥጋ የሚበጣ? ልናገር ስል ፈንታ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ወንዶች ሲነጋገሩ ሴት ነገር ካበዛች ገበያ አፈረሰች ይባላል። ወደ ጡቷ ዞርኩ።

የመኳንንት ሚስት ደብሪቱ ትባላለች። የእኔ እኩያ ናት፤ ከደረስን ጀምሮ አንድም ጊዜ ዓይኗን ቀና አድርጋ አላየችኝም። ጥጃውን ለቀቀችው፣ ትንሽ አስጠባችና መልሳ አስራ በጮጮ አለበች። ወተቱ አረፋ ሠርቶ ሞላ። ሁላችንም ወደ ቤት ገባን። ወንዶቹ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ደብሪቱ በኩባያ ቀድታ ወደ ጽናት መጣች። ልጄ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ኩባያው ወደቀ። ወተቱ በሙሉ መሬት ላይ ፈሰሰ።

"እጅሽ ይሰበር!" ብሎ ጮኸ መኳንንት። "ወተት በእንግዳ ፊት ይፈሳል? ሰው ነው ያሳደገሽ ወይስ በረት? ቅጂ ድጋሚ!"

እኔንም ደስ አላለኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ በሆዴ ሰደብኳት። ግን አልቸኮለችም ነበር፤ ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ድጋሚ ቀዳች። ለልጄ ሰጠቻት። ጽናት ገና ከጡት ሙቀት ያልወጣውን ወተት በዚያ በተሰነጣጠቀ ከንፈሯ ግጥም አድርጋ ጠጣች። ቀና ብላ አፏ ዙሪያ አረፋ ይዛ ሳቀች። "ይጣፍጣል እማዬ!" አለች። ከመታመሟ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም።

ይኼኔ የቤቱ ልጅ ከጓዳ ብቅ አለ። በኃይሉ ይሉታል፤ ገና ጫማ በቅጡ ማድረግ የማይችል ነው። ወተቱን አየና "ለእኔም!" ብሎ ወደ ኩባያው ሮጠ። እናቱ እጁን ጠፍ አደረገችው። "ጾም ነው!" አለችው።

ልጁ አለቀሰ። እኔ ግን የልጁን ለቅሶ መስማት ትቼ "ስንት ዓመቱ ነው?" አልኩ።

"ሦስት እንኳ አልሞላው" አለ መኳንንት እየሳቀ። "ከአሁኑ ጾም እናስለምደው ብለን ነው።"

ፈንታም ሳቀ። "ቄስ ሊሆን ነዋ!" አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ጾም የሚያስለምዱት ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው። የትኛዋ እናት ናት በመንዝ ብርድ፣ ጥገት ላም ደጇ ቆማ፣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ወተት የምትከለክል? ኩባያውን ከጽናት እጅ ነጠቅኩት። ባዶ ነበር።

ደብሪቱ ጮጮውን ይዛ ወጣች። "ጓሮ ደርሼ ልምጣ" ብዬ ተከተልኳት። ከድርቆሹ ክምር ኋላ ስደርስ ወተቱን መሬት ላይ እየደፋች አመድ ስታለብስበት አገኘኋት። ክንዷን ያዝኩ።

"ምን አላት ላሟ?"

አመዱን መበተን ቀጠለች።

"ሴትዮ፣ ልጄ ጠጥታለች! ምን አላት?"

"ልጅሽን ለምን ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እናንተ ጾመኛ ናችሁ፣ ማንም አይቀምስም ብዬ ነበር። ለምን ይዘሻት መጣሽ?"

ከዚያ በሹክሹክታ ሁሉን ነገረችኝ። ከጥምቀት በኋላ እብድ ውሻ ግቢያቸው ገብቶ ላሟንና አህያቸውን ነከሳቸው። ጠበል ረጩባቸው፤ ቁስሉም ደረቀ። እሰይ ተረፉ አሉ፤ ወተቱንም ልጁ ሲጠጣ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ሲል አህያዋ አበደች። ካቡን እየገጨች፣ የገዛ ሥጋዋን እየነከሰች ሞተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላሟ ወተት ማንም አልቀመሰም። መኳንንት ላሟ ሳትታመም በፊት ከቤቱ እንድትወጣለት ይፈልጋል። ሚስቱ ለሰው ትንፍሽ ብትል እንደሚገድላት ምሏል።

"ከአፌ እንደወጣ አትናገሪብኝ፣ በወለደችሽ" አለችኝ።

ሮጬ ቤት ገባሁ፣ ጽናትን አንሥቼ አዘልኳት። "ልጅቷን ሆዷን ቆርጧታል፤ እንሂድ" አልኩ። ፈንታ "ነገሩን ሳንጨርስ?" ሲል መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። ተከተለኝ። መኳንንት ከኋላችን "ለገበያ ቀን ካልመጣችሁ ነጋዴ አለኝ፤ ወደ ቆላ ነው የሚወስዳት!" ብሎ ተጣራ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ጽናትን አስቀምጬ አፏን አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ ከንፈሯን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩት። ስንጥቁ ውስጥ ነጭ የቀረ እየመሰለኝ ስፈገፍገው ደም መጣ። እሷም "አመመኝ እማዬ" ብላ አለቀሰች። ፈንታ "ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? አበድሽ እንዴ?" አለኝ። ይኼኔ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ወደ መጣንበት ዞረ።

"ወዴት ነው?"

"ልገድለው ነዋ!"

"መጀመሪያ ልጅህን አድንልኝ! መኳንንት የትም አይሄድም!" ብዬ በርኖሱን ጨምድጄ ያዝኩት። ጽናትን ተሸከመ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ወጣን።

ሲስተሯ ሰማችንና ስልክ ይዛ ወጣች። ከአንድ ሐኪም ጋር ረዥም ጊዜ አወራች። እኔ በመስኮት አፏን አፏን አያለሁ፤ ፈገግ ትላለች ወይስ አትልም ብዬ። ስትመለስ ፈገግ አላለችም፣ አላለቀሰችምም። በወተት ሰው መያዙ እምብዛም አይሰማም አለች። ቢፈላ ኖሮ ምንም ባላስጨነቀን ነበር፤ ግን ጥሬውን ነው፣ ከንፈሯም ቁስል ነው። መርፌው ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ ላሟን ተከታተሉ ብሏል። እስከ ፋሲካ ድረስ ላሟ ደህና ከሆነች ልጅቷም ደህና ናት። ላሟ ምልክት ካሳየች ግን በዚያው ቀን ልጅቷን ይዘን ደብረ ብርሃን እንድንገባ፣ መርፌው እዚያ እንዲጀመርላት።

"ምን ምልክት?" አለ ፈንታ።

"ለሃጯ ይዝረበረባል። ሳታቋርጥ ትጮኻለች። ሰው ትወጋለች። ከሁሉ በፊት ግን ውኃ እምቢ ትላለች፤ ጉሮሮዋ አያስገባላትም።" ከዚያ እኔን አየችኝ። "ብቻ ላሟ ከዓይናችሁ እንዳትጠፋ።"

ከዓይናችሁ እንዳትጠፋ! ላሟ የገበያ ቀን ለነጋዴ ልትሰጥ፣ ነጋዴው ወደ ቆላ ሊነዳት ነው። ከዚያ በኋላ ኖረች ሞተች ማን ይነግረኛል? ልጄ ራሷን በታመመች ቁጥር፣ ውኃ ትን ባላት ቁጥር ምን ላስብ ነው?

ቤት ስንገባ ፈንታ ነገ ለቀበሌው ሊቀ መንበር እናገራለሁ አለ። እምቢ አልኩ። መኳንንት ወሬው ጆሮው ከገባ ላሟን በዚያው ዕለት ገደል ለገደል ነድቶ ያጠፋታል፤ ደብሪቱንም አይምራትም። "ታዲያ ምን እናድርግ ትያለሽ?" አለኝ።

"እንግዛት" አልኩ።

ሰምቶኝ እንዳልሰማ ሆነ። ደገምኩለት።

"ደህና ናት ስልሽ አልፈልግም አልሽ፤ ልትሞት ነው ሲሉሽ እንግዛት ትያለሽ?" አለ። "በጎቹን ነው የምንሰጠው ጥሩሸዋ! ያለን እኮ እነሱ ናቸው። ነገ ብትሞት ምን ልንበላ ነው?"

"እኔ እንጃ። ፋሲካ እስኪደርስ የትም እንድትሄድብኝ አልፈልግም። እዚህ ደጄ ላይ ታስራ ልያት።"

ፈንታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት። በነጋታው ግን በጎቹን ከበረት አስወጥቶ ነዳቸው። መኳንንት ፊት ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ቆመ፤ ጡቷን እየደባበሰ "እግዚአብሔር ይባርክልን" ተባባሉ። ሰውዬው ሞኝ አገኘሁ ብሎ እስከ ወንዙ ሸኘው አሉ። ይሳቅ። የኔ ባል ቻለው፤ ለልጁ ብሎ ቻለው።

እንግዲህ ይኸው ላሟ ከነጥጃዋ ደጃችን ናት። ለሲስተሯ ነገርን፣ እሷም ቃሏን ጠብቃ ለእንስሳት ሐኪሙ ብቻ ነገረች። መጥቶ አያትና ብቻዋን እሰሯት፣ በባዶ እጅ አትንኳት አለ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ አልባታለሁ፤ ወተቱን ጉድጓድ ውስጥ እደፋለሁ፤ አመድ አለብሰዋለሁ። ጎረቤት "ኧረ ጥሩሸዋ፣ ጥገት ገዝታችሁ ወተቱ የት ገባ?" ይላል። "ቅቤ እያጠራቀምኩ ነው" እላለሁ። ዝም አይነቅዝም።

ለጎረቤት መዋሸት ምንም አይደል። ጽናት ናት ያቃተችኝ። በሩ ላይ ቆማ ስደፋው ታያለች። "እማዬ፣ ለእኔ እኮ ነው የተገዛችው። ለምን አትሰጪኝም?" ትለኛለች። ምን ልበላት? ላሟን አትፍሪያት ልበላት ወይስ ፍሪያት? አንድ ቀን ጨንቆኝ "ጾም ነው" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ልጄ ግን አመነችኝ። "እኔም ጾም ጀመርኩ?" ብላ ደስ አላት። ገብቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ጠዋት ጠዋት ሥራዬ አንድ ነው። በባልዲ ውኃ አቀርብላታለሁ። ቆሜ አያለሁ። እስክትጠጣ ድረስ እግሬ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ስትጠጣ እንደገና እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ የነገው ጭንቅ ይጀምረኛል። ለልጄም ውኃ ስሰጣት ጉሮሮዋን ነው የማየው። ምሽት ላይ ስታስል "ምራቅሽን ዋጪ እስቲ" እላታለሁ። ፈንታ "ልጅቷን አታስፈራሪያት" ይለኛል፤ እሱም ግን የሚያየው እዚያው ነው።

ላሟ በመጣች በሳምንቱ ደብሪቱ መጣች። ልጇን አዝላ፣ ገደሉን ወርዳ ወጥታ። ለባሏ ወደ እኛ ማዶ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብላው ነው። ስታየኝ ሰላም አላለችም፣ እኔም አላልኳት። ካቡ ጥግ ቆማ ላሟ ስትጠጣ አይታ ተመለሰች። በነጋታውም መጣች። በየቀኑ መምጣት ጀመረች። የእሷም ልጅ ያንኑ ወተት ለሳምንታት ጠጥቶታል፤ ሲስተሯ ለእሱም ያንኑ ነው ያለችው። አዝንላታለሁ እንዳልል ውስጤ ይቃጠላል። ኩባያውን እኮ ለልጄ የሰጠችው እሷ ናት! አንዴ ከደፋችው ሁለተኛም አትደፋውም ነበር? የባሏ ጥፊ ከልጄ ሕይወት ይበልጥባታል? ይኼን ሁሉ ልላት አፌን እከፍትና ልጇን ጀርባዋ ላይ ሳየው እመልሰዋለሁ። ብቻ አንድም ቀን አነጋግሬያት አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት።

ዛሬ ጠዋት ውርጩ መሬቱ ላይ ተነጥፎ ነበር። ባልዲው ላይ የረጋውን በረዶ በድንጋይ ሰብሬ አቀረብኩላት። ላሟ አፍንጫዋን ወደ ውኃው አወረደች። አሸተተችው። ከዚያ ራሷን ቀና አደረገች።

አልጠጣችም።

"እንቺ" አልኳት። ባልዲውን አስጠጋሁላት። ወደ ኋላ አለች። አንዴ ጮኸች፤ ረዥም ጩኸት ነው። ደብሪቱ ከካቡ ጥግ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ትንፋሿን እሰማለሁ። ላሟ ውኃውን አታየውም፤ ማዶ ማዶውን ነው የምታየው። ጽናትን አዝዬ እስከ ሞላሌ፣ ከሞላሌ መኪና አግኝቼ እስከ ደብረ ብርሃን ስሮጥ ታየኝ። "እመቤቴ" ስል ሰማሁ፤ እኔ ልሁን ደብሪቱ እንጃ። ከላሟ አፍ የሚንጠባጠበው ምራቅ ነው ወይስ የባልዲው ውኃ? ጎንበስ ብዬ ላየው ፈለግኩ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ።

ላሟ ውኃው ላይ እፍ አለችበት። የበረዶው ስብርባሪ ወደ ዳር ሄደ። ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠጣች። ብርዱ ነበር እንግዲህ። ባልዲውን እስከ ሥሩ ጠጣችው።

ስትጨርስ ነው እጄን ያየሁት። የደብሪቱን እጅ ጨብጬ ይዣለሁ። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። እሷም የእኔን ይዛዋለች፤ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቷል። ሁለታችንም ውርጩ ላይ ቁጭ አልን። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

"ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?" አለችኝ። ድምፅዋን በደንብ የሰማሁት ከዚያ ከድርቆሹ ክምር ወዲህ ዛሬ ነው።

"አትቁጠሪ" አልኳት።

ልትነሣ ስትል እጇን አልለቀቅኩም። ልሰድባት ያዘጋጀሁት ሁሉ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ነገ በጊዜ ነይ" አልኳት። "ብቻዬን ላያት አልችልም።"